የሐሙሱ ወዳጃ

«ደሴ ማን አለሽ ነው የምልሽ። ሌላ ምንም አላልኩሽም።»

«ድምፅህን ቀንስ፤ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ከሚሴ ውስጥ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ» አለ ቶፊቅ። በልብስ ስፌት ቤቷ በር ላይ ቆሞ የመንገዱን ብርሃን ጋርዶባታል። «እኔ ከብት ልገዛ ወደ ባቲ በወጣሁ ቁጥር አንቺ የደሴ መኪና ላይ ትወጫለሽ። ወንድምሽን ሙሄን ብጠይቀው መሬት መሬቱን ያያል። ኒካሁ ይራዘም አልሽ፣ እሺ አልኩ። ለምን ስልሽ ዝም። ሰው እኮ ሲሞኝም ልክ አለው።»

ረቢአ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አላነሳችም። ከመርፌው ሥር የሚያልፈው የአንዲት ሙሽራ ድሪያ ቀሚስ ነበር። አጠገቧ ሽርጥ የሚሸጠው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ አየና፣ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ የወደቀ ዕቃ እንደሚፈልግ ሆኖ ጎንበስ አለ።

«ያ ጨርቅ የሚያመጣልሽ ሰውዬ ነው?» አለ ቶፊቅ፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ድሮ ሽማግሌ ልኮብሽ ነበር ይባላል። እሱ ከሆነ ንገሪኝ፤ ወላሂ አልጣላሽም። ሱቁ ፎቅ ላይ ነው፤ እንደኔም የምታስቸግር እናት የለችው።»

ሳቅ አመለጣት። ለቀልዱ የሚመጥን ሳቅ አልነበረም፤ ከልክ በላይ ረዘመ፣ መጨረሻው ላይም ተሰበረ። ቶፊቅ በሩን ለቆ ወደ ውስጥ ገባ። እሷም እግሯን አነሳችና መኪናው ቆመ።

«ደሴ ሐኪም አለኝ» አለችው።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ። «ያ ነገር… ተመለሰ?»

«አልተመለሰም። የድሮው አይደለም፤ ሌላ ነው። በቀኝ በኩል ነው። ናሙና ወስደው አይተውታል።»

ቶፊቅ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ፣ ተጣጥፎ ከተቀመጠው ልብስ ላይ ቁጭ አለ። ልብሱን አላየውም። ይዞት የመጣው ንዴት ማስቀመጫ አጥቶ እጁ ላይ ቀርቶበታል፤ ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ይጨብጣል። በመንገዱ ላይ አንድ ሚኒባስ «ደሴ! ደሴ!» እየተባለለት አለፈ።

ረቢአ ወሩን ሙሉ የፈራችው ይህን ሰዓት ነበር። ሲመጣ ግን የጎዳት ሌላ ነገር ነው። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኑ ውስጥ ቅናቱ የለም። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሌላ ወንድ ይወስድብኛል ብሎ የሚፈራላት ሴት ነበረች። በዚያ ቅናት ውስጥ ጤነኛ ነበረች። ምነው ትንሽ በቆየ አለች በልቧ፤ ምነው ትንሽ በተጣላኝ።

*

የመጀመሪያው ሕመም ሲይዛት ገና ሠላሳ ዓመቷ ነበር። አዲስ አበባ ወስደው ግራ ጡቷን ቆረጡ። ከዚያ ፀጉሯን ያረገፈው መድኃኒት፣ ከዚያም ቆዳዋን ያጠቆረው ጨረር ተከተለ። ሲያልቅ ሐኪሟ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት፣ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ድነሻል አለቻት። ግን አንዴ በአንዱ ጡቷ የታመመች ሴት፣ በሌላው አዲስ ሕመም የመያዝ ዕድሏ ካልታመመችው ይበልጣል። ደግሞም ያዳነሽ ጨረርና መድኃኒት ራሱ በጥቂት ሰዎች ላይ፣ ዓመታት ቆይቶ፣ ሌላ ዓይነት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ይህን የምነግርሽ በመታከምሽ እንድትጸጸቺ አይደለም፤ ባትታከሚ ኖሮ ይህን ወሬ የምናወራበት ዕድሜም አይኖርም ነበር። የምነግርሽ በየዓመቱ መጥተሽ እንድትታዪ ነው። ረቢአ እሺ አለች፤ ሁለት ዓመት በቃሏ ሄደች።

ሙሄ እህቴ ከዳነች ብሎ ሰንጋ ተስሎ ነበር። ስለቱ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሰንጋው ታረደ፣ ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ወዳጃ፣ የዱዓ ጉባኤ፣ ተደረገ። ሸኹ እጃቸውን ዘርግተው አላህን አመሰገኑ፤ ሰዉ አሚን አለ። በከሚሴ እንዲህ ተመስግኖ የተዘጋ ነገር ተዘግቷል። በሦስተኛው ዓመት ለምርመራ ልትነሳ ስትል የሰፈሩ ሴቶች ደነገጡ። ስለቱ ተበልቶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ምን ልትፈልጊ ነው የምትሄጂው አሏት። የከለከላት የለም። ነገሩ ግን የተቀበሉትን ስጦታ ሰጪው ፊት ገልብጦ እንደ ማየት ሆኖ ተሰማት። አፈረች። እውነቱን ለመናገር፣ እፎይም አለች፤ ያንን የሆስፒታል ኮሪደር ማየት ጠልታ ነበርና። ቀረች።

ቶፊቅ ወደ ሱቋ የመጣው በዚያ በእፎይታው ዘመን ነው። የኮቱ ትከሻ ሰፍቶት ነበር። ልኩን ስትወስድ ትንፋሹን ያዘ፤ ልኩ እንዳይሳሳት መስሏት ተንፍስ አለችው። በሳምንቱ ሸሚዝ ይዞ መጣ፣ በሌላው ሳምንት ሌላ ሸሚዝ። አንድ ቀን የተበጠሰውን ቁልፍ ቦታ አገላብጣ አየችና፣ «ይሄ እኮ በምላጭ ነው የተቆረጠው» አለችው።

«በሬ በላው» አለ።

«ምላጭ የያዘ በሬ?»

«የባቲ በሬ ክፉ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሸሚዝ ማምጣቱን ትቶ እንዲሁ መምጣት ጀመረ። ግን ቶፊቅ የታወቀ የከብት ነጋዴ ቤት አንድያ ልጅ ነው። የረቢአ አባት ደግሞ፣ አላህ ይማራቸውና፣ የዚያኑ ቤት ከብት ከባቲ ገበያ እስከ ጨፋ ሜዳ በእግራቸው እየነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እናቱ እመት ሀዲጃ «የነጂያችንን ልጅ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ቶፊቅ አልተጣላቸውም። ያመጡለትን ሌላ ሴት ሁሉ በትሕትና እየመለሰ፣ ማታ ማታ አጠገባቸው ቁጭ እያለ አንድ ዓመት ጠበቀ። በመጨረሻ እመት ሀዲጃ ራሳቸው ሱቋ መጡ። ግራ ደረቷ ላይ በጥጥና በጥቂት ጤፍ ሞልታ የሰፋችውን ትራስ በዓይናቸው ለይተው፣ ያለ ምንም ማድበስበስ ስለ ጡቷ ጠየቋት። እሷም ያለ ማድበስበስ ነገረቻቸው። አሮጊቷ አሰብ አደረጉና፣ «ደግ። የሕፃን አፉ አንድ ነው፤ አንድ ጡት ይበቃዋል» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው እስከ ሽርጥ ሻጩ ተሰማ። ቃላቸውን ገበያው ሁሉ እየደጋገመ ሲስቅበት ከረመ።

ረቢአ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኚህን ሴት እንደ እናቷ ወደደች። አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ የከበዳት ይኸው ፍቅር ሆነ።

*

ቶፊቅ ለእናቱ የነገራቸው በዚያው ቀን ነው። በማግስቱ ጠዋት እመት ሀዲጃ ሱቅ ገና ሲከፈት መጡ። «ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሌላውን ቃል ለቅሶ ዋጠባቸው። ረቢአ ውኃ ሰጠቻቸው፣ አልጠጡም።

ሐሳባቸውን ይዘው ነበር የመጡት። ሐሙስ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ እሳቸው ቤት ወዳጃ ይሆናል፤ ሸኹ ከጨፋ ማዶ ይመጣሉ። ዱዓው በተደረገ በሳምንቱ ኒካሁ ይታሰራል። ቢላዋውን እስከዚያ አታንሺብኝ አሉ።

ረቢአ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። የደሴው ሐኪም ወደ ቀድሞዋ ሐኪሟ መልሷታል፤ አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና የሚጠብቋት ዓርብ ጠዋት ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ይህ ቀን ካለፋት ሌላው ተራ የሚደርሳት ወራት ቆይቶ ነው። ሐሙስ ከቀትር በኋላ በሚወጣው የመጨረሻ መኪና ካልሄደች አትደርስም።

«ያኔ ያዳነሽ ዱዓው ነው ቢላዋው?» አሉ እመት ሀዲጃ።

«ሁለቱም ሰበብ ናቸው፣ እመት። የሚያድነው አላህ ነው።»

«እኔስ ሌላ ምን አልኩ። ዱዓው ይቅደም፣ ቢላዋው ይከተል ነው ያልኩት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እጇን ያዙ። «አንድ ልጅ ብቻ። አንድ። ከዚያ የፈለጉትን ይቁረጡ፤ እኔው ራሴ ይዤሽ እሄዳለሁ።»

ረቢአ መድኃኒቱና ሕመሙ ለእርግዝና ጊዜ እንደማይሰጡ፣ ሐኪሟም እንዳትዘገይ አጥብቃ እንደነገረቻት ልትገልጽላቸው ጀመረች። አሮጊቷ ግን የሰሙ አይመስሉም። ዓይናቸውን ወለሉ ላይ በተበተነው ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተክለዋል።

«እኔ ነኝ» አሉ። «አንድ ጡት ይበቃዋል ብዬ ገበያ መሀል የሳቅሁት እኔ ነኝ። አፌ ነው የጠራው። ያንን አፌን በዱዓ ሳልክስ ቢላዋ ካረፈብሽ፣ የቆረጥኩሽ እኔ ነኝ።»

ረቢአ ተንበርክካ ጉልበታቸውን አቀፈች። ነገሩ በአፍ እንደማይመጣ፣ ቀልዱ ቀልድ ብቻ እንደነበረ፣ ያንን ቀልድ በመከራዋ ሁሉ እያሰበች እንደሳቀችበት ነገረቻቸው። እመት ሀዲጃ ራሷን እየዳበሱ አነቡ። የመጡት ግን ይቅርታ ሊያገኙ አልነበረም፤ ሐሙስን ሊያገኙ ነው። ይህንን ሁለቱም ያውቁ ነበር። እዚያው ወለል ላይ፣ በእኚህ ደግ እጆች ሥር፣ ረቢአ ከእናቷ ሞት ወዲህ ተሰምቷት የማያውቅ ብቸኝነት ተሰማት።

*

ረቡዕ ከሰዓት ቶፊቅ ወደ ጨፋ ይዟት ወረደ። ከብቶቻቸው ከማሽላው ዳር፣ የቦርከና ወንዝ ውኃ በሚያረጥበው መስክ ላይ ይግጣሉ። ሰው በሚያያቸው ቦታ፣ ከመንገዱ ብዙ ሳይርቁ ቆሙ። እንዲህ ባለው ቦታ ድሮ ብዙ ያወሩ ነበር፤ ስለ ከብቶቹ ጠባይ እየቀለደ ያስቃታል። አሁን አንዱን ነጭ በሬ ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ።

«ነገ ከኔ ጋር ውጣ» አለችው። «ለእናትህ የምነግረው እኔ ነኝ። አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ዱዓው ይለፍ። ቅዳሜ በራሴ መኪና አደርስሻለሁ። ሐኪሟን እለምናታለሁ።»

«ለምነህ የምታገኝልኝ ቀን የሌላ ሴት ቀን ነው።»

 አሁን የለመነው እሷን ነበር። ይህን ያህል ዓመት ጤነኛ ሆነሽ ኖረሻል፤ ሁለት ቀን፣ ሳምንት ቢያልፍ ምን ይሆናል አለ።

«አራት ዓመት ሳልታይ ቀረሁ» አለች። «ሰው አፍሬ ነው የቀረሁት። በየዓመቱ ብትመጪ ኖሮ ገና ጥፍር ሳያክል እናገኘው ነበር ብላኛለች ሐኪሟ በስልክ። አልተቆጣችኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከእንግዲህ የማፍርበት ቀን የለኝም፣ ቶፊቅ።»

«እኔ ልጅ አልፈልግም» አለ በድንገት፣ ወደ እሷ ዞሮ። «ይሄን እወቂልኝ። ሁለቱም ይሂዱ፤ ፀጉርሽም ይርገፍ። አንቺን ነው የምፈልገው።»

ይህን እስከዛሬ እንዲህ አድርጎ ነግሯት አያውቅም።  በዚያች ቅጽበት የለመናትን ቅዳሜ፣ ወርም ቢላት ወር፣ ልትሰጠው ቃጣት።

«ለእናትህ ንገራት» አለችው። «ዛሬ ማታ። አሁን ያልከውን፣ በዚሁ ቃል።»

 ቶፊቅ በእጁ የያዘውን የከብት መንጃ ዱላ ጫፍ መሬት ላይ ሰካው።

«እህል አልቀመሰችም» አለ በመጨረሻ። «በአፌ ጠራሁት ብላ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እኔ እሷን እምቢ ማለት አላውቅም፣ ረቢአ። ተምሬው አላውቅም።»

«አውቃለሁ። እኔንም ያገኘኸኝ እምቢ ብለህ አይደለም፤ ጠብቀህ ነው።» ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። «ያን ዓመት ሙሉ ስትጠብቀኝ፣ እንዲህ የሚጠብቅ ሰው በዓለም የለም ብዬ ነበር። በዚያ ነው የወደድኩህ። ግን ይሄ ነገር እንደ እናትህ አይደለም። ቢጠብቁት አይራራም።»

ፊቱን ወደ ከብቶቹ መለሰ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። ኮት ልታሳንስለት በሜትሯ የለካችው ያ ትከሻ ነው፤ ስፋቱን አሁንም በቃሏ ታውቀዋለች። ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ ከማዶ ሰዎች በመንገዱ ሲመጡ አየችና መለሰችው።

«ብትሄጂ ትመለሻለሽ?» አለ ሳይዞር።

«ከሕመሙ ነው የምትለኝ፣ ወይስ ወደ አንተ?»

 የቱን እንደጠየቀ እሱም ያወቀ አይመስልም። ረቢአ ከኋላው ቆማ፣ ምላጭ በያዘው በሬ ከሳቀችበት ቀን ይልቅ ዛሬ አብልጣ እንደምትወደው አወቀች። ይህም ለምንም እንደማይጠቅማት አብራ አወቀች።

*

ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ የእመት ሀዲጃ ቤት ሞላ። ወንዶቹ ሳሎኑን፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ማዶ ያለውን ክፍል ይዘው ተቀመጡ። ጫቱ ሸኹ ፊት ተዘረጋ። ረቢአ ጠዋት መጥታ እመት ሀዲጃን ስማ፣ ዛሬ እሄዳለሁ፣ እመት፣ መኪና እስኪሞላ ድረስ ግን አብሬዎት አለሁ ብላቸው ነበር። እሳቸውም እሺ ልጄ፣ ዱዓው ይለቅ ብለው ፊቷን ዳበሱ። እሳቸው የሰሙትና እሷ የተናገረችው ለየቅል እንደሆነ እያወቀች አላረመቻቸውም።

ሴቶቹ መሀል አስቀመጧት። ይመጣሉ፣ እጇን ይይዛሉ፣ «አካም ጅርታ» እያሉ ደኅንነቷን ይጠይቃሉ። አንዷ የታመመ ጎኗን እንዳትጫን ትራስ አመጣችላት፤ አንዷ የደከማት መስሏት ውኃ አቀበለቻት። ከመካከላቸው ክፉ የሚያስብላት አልነበረም። ሙሄ ከወንዶቹ በኩል አንገቱን በመጋረጃው ብቅ አድርጎ አይዞሽ አላትና ተመለሰ፤ የመጀመሪያው ሰንጋ ባለ ስለት በመሆኑ ከሸኹ ቅርብ ቦታ ሰጥተውታል።

ሸኹ ጀመሩ። ድምፃቸው የደከመ፣ ግን ቤቱን ሁሉ የሚያዳርስ ነው። ስሟን ጠርተው ጤና ለመኑላት። አሚን። ዕድሜ ለመኑላት። አሚን። ያላየችውን ልጅ፣ ያልገባችበትን ቤት ለመኑላት። አሚን፣ አለ ቤቱ። ረቢአም እጇን ዘርግታ ነበር፤ በዚያ ቤት ካሉት ሁሉ ይልቅ አሚን ማለት ያስፈለገው እሷን ነውና ከልቧ አለች። አጠገቧ እመት ሀዲጃ ዓይናቸውን ጨፍነው እየተወዛወዙ ያነባሉ። ከሁለት ቀን ጾም በኋላ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት አንሷል። ረቢአ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

ከዚያ ተነሳች።

ሴቶቹ ዱዓውን ሳያቋርጡ፣ ዓይናቸውንም ሳይከፍቱ፣ ለማሳለፍ ጉልበታቸውን ሰበሰቡ። ልትታጠብ፣ ውዱ ልታደርግ የወጣች መስሏቸው ይሆናል። መጋረጃው ጫፍ ስትደርስ ሳሎኑ ታያት። ቶፊቅ ከሸኹ ቀኝ ተቀምጧል። ሁለት መዳፎቹን እህል እንደሚሰፈርለት ሰው አገጣጥሞ ዘርግቷቸዋል፤ ዓይኑ ተጨፍኗል፤ ከንፈሩ ከሸኹ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። የሚለምነው ስለ እሷ ነበር፤ እንደዚያ አጥብቆ ሲለምን አይታው አታውቅም። አንድ አሚን አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ዓይኑን ቢገልጥ ምን እንደምትሆን አላወቀችም። አልገለጠም።

ደጃፉ ላይ ከተከመረው ጫማ መሀል የራሷን ፈልጋ አገኘች። ከሱቋ ቦርሳዋን ይዛ አስፋልቱን ተሻገረች። የአዲስ አበባው ሚኒባስ ሞልቶ አንድ ቦታ ቀርቶት ነበር፤ መስኮቱ ጥግ። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ከወዲሁ አንቀላፍቷል። ሾፌሩ ከፊት ከተቀመጠው ሰው ጋር ስለ ሽንኩርት ዋጋ እየተከራከረ መኪናውን አስነሳ። ባጃጆቹን፣ ጫት የሚጫንበትን ቦታ፣ የስፌት ቤቷን የተዘጋ በር አለፉ።

«መስኮቱን ዝጊልን እስቲ፣ አቧራው» አለች ከኋላዋ የተቀመጠች ሴት።

ረቢአ ዘጋችው።